ጳጉሜን የማያውቀው መስመር

ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ይህን የምናገረው አፍሬ ሳይሆን ኮርቼ ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ንፋስ ስልክ አካባቢ በነበረ አንድ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ እንግሊዝኛን ከማሽን መመሪያ ላይ ቃል በቃል ለቅሜ ተማርኩ። ዲግሪ የጫኑ መሐንዲሶች መጥተው «ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?» ይሉኝ ነበር። ጆሮዬን ቧንቧው ላይ ለጥፌ «ውሃው በዝቷል» ወይም «ቫልቩ አልገጠመም» እላቸዋለሁ። ሲፈቱት እንዳልኩት ይሆናል። ኮምፒዩተር የነካሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ጀሞ ኮንዶሚኒየም በእኛ ብሎክ የተበላሸ ስልክና ኮምፒዩተር ሁሉ ወደ አራተኛ ፎቅ፣ ወደ እኔ ቤት መውጣት ጀመረ።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ቀጥሎ ያለውን ያደረገው ሞኝ ሰው እንዳይመስላችሁ ነው። ሞኝ ብሆን ኖሮ ነገሩ ባልደረሰ ነበር።

ባለቤቴ እታገኝ ግንቦት ላይ እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገባች። ልቧ ደክሟል ተባልን። የደከመ ልብ ውሃውን ገፍቶ ስለማያስወጣ ውሃው ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ መጀመሪያ እግር ላይ፣ በኋላ ሳንባ ላይ። ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ሚዛን ነው። ሐኪሟ ቀጠን ያለች ወጣት ሴት ናት። ስንወጣ እንዲህ አለችኝ።

«አባቴ፣ በየጠዋቱ ይመዝኗት። በቀን ከሊትር ተኩል በላይ ፈሳሽ እንዳትጠጣ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረች ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ይዘዋት ይምጡ። አንድ ደብተር ላይ ቢጽፉት ይበቃል።»

ደብተር! ለእኔ! ቤት እንደገባሁ፣ ሐዋሳ የምታስተምረው ልጃችን ሰላም ትታልኝ የሄደችውን ላፕቶፕ ከፍቼ ሁለት ዓምድ ሠራሁ። በአንዱ ቀን፣ በአንዱ ኪሎ። ከሰኔ አንድ ጀምሮ በየጠዋቱ እታገኝ መኝታ ክፍል ሚዛኑ ላይ ትወጣና ቁጥሩን ትጮሃለች፤ እኔ ሳሎን ተቀምጬ እመታለሁ። ከዚያ አንድ ቁልፍ ስጫን ቁጥሮቹ ወደ መስመር ይለወጣሉ።

የመስመሩን ነገር ላስረዳችሁ፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነውና። ፋብሪካ ሳለን የእንፋሎቱን ግፊት የሚመዘግብ መሣሪያ ነበረን። ክብ ወረቀት ይዞራል፣ ብዕር ይስልበታል። የወረቀቱ መስመሮች ታትመው የመጡ ናቸው። ቀዩ ክብ ዛሬም እዚያው ነው፣ ነገም እዚያው ነው። ብዕሩ ቀዩን ሲነካ እንሮጣለን። ኮምፒዩተሩ ላይ ግን ወረቀቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ቁጥሮቹን ያይና ከየት ጀምሬ የት ልጨርስ፣ በስንት በስንት ርቀት ጭረት ላድርግ የሚለውን ራሱ ይወስናል። አውቶማቲክ ይሉታል።

እንዴት እንደሚወስን ማንም አልነገረኝም። አንድ ሳምንት ሙሉ የሐሰት ቁጥር እያበላሁት ጠባዩን አጠናሁት። ጭረቱን በሦስት በሦስት ወይም በሰባት በሰባት አያደርግም፤ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር፣ ሃያ፣ ሃምሳ ብቻ ይወዳል። የሰው ዓይን የለመደውን ቁጥር ይመርጣል ማለት ነው። ትልቁና ትንሹ ቁጥር ሲራራቁ ከዜሮ ይጀምራል፤ ሲቀራረቡ ግን ዜሮን ጥሎ ቁጥሮቹ ያሉበት ጠባብ ቦታ ላይ ዓይኑን ይተክላል። ይህን ለጎረቤታችን ለማርቆስ ሳስረዳው አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ማርቆስ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር የወላይታ ሰው ነው፤ የራሱን ሚኒባስ ከጀሞ ሜክሲኮ ይነዳል፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይዘምራል።

«ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ እኮ ዩኒቨርሲቲ ቢገቡ ኖሮ…»

«ዩኒቨርሲቲው እኔ ጋ ቢገባ እንጂ!» አልኩት።

ሐምሌ ላይ ግን ማሽኑ አዋረደኝ። አንድ ጠዋት መስመሩ ከወለል ተነስቶ ጣሪያ ነካ። እታገኝን ቁርስ እንኳ ሳላስቀምሳት በታክሲ አክለፍልፌ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሟ ላፕቶፑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ላፕቶፑን አየች።

«አባቴ፣ ግርጌው ላይ ያለው ቁጥር ስንት ይላል?»

«ስልሳ አንድ ነጥብ ስምንት።»

«ጣሪያው ላይስ?»

«ስልሳ ሁለት ነጥብ አራት።»

«ታዲያ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። አንድ ሰሃን በልታ ቢመዝኗት ይሄንኑ ይጨምራል።» ከጎኗ የቆመችው ነርስ ፊቷን በወረቀት ሸፈነች። እየሳቀች ነበር።

ስንመለስ እታገኝ ሚኒባሱ ውስጥ አልማረችኝም። «ሰውዬው ከግማሽ ኪሎ ጋር ተጣልቶ ቁርሴን አስጾመኝ» እያለች አጠገቧ ለተቀመጡት ስታወራ ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም አልሳቀብኝም ነበር።

ቤት ገብቼ ቋሚውን መስመር፣ ኪሎው የሚጻፍበትን፣ ከማሽኑ እጅ ነጠቅኩት። ከሃምሳ ጀምር፣ ሰማንያ ላይ ጨርስ ብዬ በእጄ አሰርኩት። እንደ ድሮው ክብ ወረቀት የማይነቃነቅ ሆነ። የእታገኝም መስመር ሜዳ ሆነ። አግድሙን ግን፣ ቀኑ የሚጻፍበትን፣ ለማሽኑ ተውኩት። ቀን ደግሞ ምን ይሳሳታል ብዬ።

ሐምሌ በሰላም አለፈ። ነሐሴም አለፈ። ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ አንድ ነጥብ ዘጠኝ። ሰላም ስትደውል «የእናትሽን ሕይወት በመዳፌ ይዤዋለሁ» እላት ነበር።

ጳጉሜ ገባ።

የጳጉሜን አንድ ጠዋት እታገኝ እንደ ወትሮዋ ጮኸች። «ስልሳ ሁለት ከሰባት!» ቀኑን እንደለመድኩት ጻፍኩ፦ አንድ፣ በአሥራ ሦስተኛው ወር፣ ዓመቱን ጨምሬ። ቁልፉን ተጫንኩ። መስመሩ ተለወጠ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ሁሉ ወደ ቀኝ ጥግ ተሰብስቦ ሄደና በስተግራ ሰፊ ሜዳ ተከፈተ። ሜዳው መጀመሪያ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከታች በሳምንት በሳምንት የነበረው ጭረት በወር በወር ሆኖ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ አሥራ ሁለት ይሄዳል።

አላወቅኩትም ብል ደስ ባለኝ። ግን እኔ የማላውቀው ነገር ሲያጋጥመኝ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ማብራሪያ አገኝለታለሁ። ማሽኑ አዲስ ዓመት መቃረቡን አውቆ ዓመቱን ሙሉ ሊያሳየኝ ቦታውን አሰፋው አልኩ። ነጥቧስ? ቁጥሮችን አይቶ ወደፊት የሚሆነውን የሚገምት መስመር እንደሚሠራ አንብቤያለሁ። ወደፊት ከገመተ ወደኋላ ለመገመት ምን ይከለክለዋል? አልኩ።

በሁለተኛው ቀን «ስልሳ ሦስት ከስምንት» አለች። በሦስተኛው፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ «ስልሳ አራት ከስድስት!»

ቁጥሩን በእነዚህ ጣቶቼ መታሁት። መታሁት እንጂ አላነበብኩትም። በመጻፍና በማንበብ መካከል ይህን ያህል ርቀት እንዳለ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ዓይኔ የሚቸኩለው ወደ መስመሩ ነው፤ በመስመሩም የምፈልገው ቀኝ ጫፉን ነው። ዛሬ ያለው ቀኝ ጫፍ ላይ ነው ብዬ አምናለሁና። ቀኝ ጫፉ ስልሳ ሁለት ላይ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። በስተግራ ደግሞ ነጥቦቹ ሦስት ሆነው ቀስ እያሉ ዳገት ይወጣሉ፤ ከዚያ መስመሩ ቁልቁል ወርዶ ሰኔ ላይ ይረጋል። እንዲህ አሰብኩ፦ ወር አንድ መስከረም ነው። የእታገኝ እብጠት ከግንቦት በፊት ቀስ በቀስ ሲጠራቀም የከረመ ነው። ማሽኑ ሕመሟ የጀመረበትን ዘመን ራሱ ደረሰበት! ሐኪሟን አሳያታለሁ አልኩ፤ ያቺ የሳቀች ነርስም ታያለች።

እታገኝ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ታደሰ፣ ጫማዬ እምቢ አለኝ።»

«ዝናብ ነው፣ ቆዳው ተኮማትሮ ነው።»

«እግሬ ነው እንጂ ጫማውማ ላስቲክ ነው።»

«እታገኝ፣ ነይ እዪ። ይኸውልሽ፤ ድሮ ወጥተሽ ነበር፣ ወረድሽ፣ አሁን ሜዳ ላይ ነሽ።»

መጥታ አጎንብሳ አየች። መነጽር አላደረገችም። «አንተ ካልክ» አለች።

እነዚህ ሁለት ቃላት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ ናቸው። አርባ ዓመት አብራኝ ስትኖር ነገሬን ሁሉ በቀልድ ስትቆርጥብኝ ኖራ፣ ያን ቀን ብቻ አመነችኝ።

በአራተኛው ቀን ስልሳ አምስት ከሰባት። በዚያ ሌሊት ሦስት ትራስ ደራርባ ተኛች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ከሚዛኑ ላይ የጮኸችው ድምፅ ቀጭን ነበር። «ስልሳ ስድስት ከስምንት።» ሰላም ደውላ «አባባ፣ የእማዬ ድምፅ ምን ሆኖ ነው?» ስትለኝ «ለበዓሉ ሽር ጉድ ስትል ደክሟት ነው። መስመሯ ደህና ነው» አልኳት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከመኝታ ክፍል የሰማሁት ድምፅ መጀመሪያ የሰው አልመሰለኝም። አውቀዋለሁ ግን። ቦይለር ውስጥ ውሃ ከልክ በላይ ሲሞላ እንፋሎቱ ውሃውን እየጎተተ ቧንቧ ውስጥ ይገባና እንዲህ ይንቦቀቦቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሩቅ የለየሁት ድምፅ ከሚስቴ ደረት ይወጣ ነበር።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። «አልተኛም» አለች። «ስተኛ እሰጥማለሁ።»

ፋብሪካ ቢሆን የማደርገውን አውቃለሁ፤ እሳቱን አጠፋለሁ፣ የማፍሰሻውን ቫልቭ እከፍታለሁ። እዚህ ቫልቭ የለም። ጀርባዋን አሻሸሁ። መስኮት ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁ። ስልኬን ይዤ ስልኬን ፈለግሁ። በመጨረሻ ደረጃው ላይ ወጥቼ ጮህኩ። «ማርቆስ! ማርቆስ!»

እድል ሆኖ ማርቆስ ለዋዜማው ሚኒባሱን ሊያጥብ ሥራ አቁሞ ነበር። እጁ አረፋ እንደሆነ ደረሰ። አንድ ጊዜ አያትና «ወንበር አምጡ» አለ። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር አመጣሁ። እሱ ከኋላ፣ አንድ የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤት ከፊት ሆነው አነሷት። እኔም ልይዝ ስል «ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ መንገድ ይጥረጉ» አለኝ። አራት ፎቅ ሙሉ መንገድ ጠራጊ ሆኜ ወረድኩ። በየደረጃው ሰው የበዓል ዶሮና ሽንኩርት ይዞ ይወጣል። «ዘወር በሉ፣ ዘወር በሉ» ከማለት ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ እታገኝ ጭኔን አየች። «ማሽኑን ይዘህ ነው?» አለች በተቆራረጠ ትንፋሽ።

ላፕቶፑን ታቅፌ ነበር። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።

በዋዜማ የጀሞን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በግ የጫነ መኪና፣ በግ የሚጎትት ሰው፣ አደይ አበባና ቄጤማ የሚሸጡ ልጆች፣ ክላክስ። ከጀሞ ላፍቶ እስክንደርስ እግረኛው ይቀድመን ነበር። ማርቆስ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «የታመመ ይዣለሁ! በጌታ! አሳልፉኝ!» ይላል። አንዳንዱ ያሳልፋል፤ አንዳንዱ «ሁሉም ለዋዜማ ታማሚ ይዣለሁ ይላል» ብሎ ይስቃል። እኔ ትንፋሿን እቆጥራለሁ። በደቂቃ ሠላሳ ስምንት። ከዚያ አርባ። ቁጥሩን ይዤ ምን ላደርግበት? አንዲት ትንሽ ልጅ በመስኮቱ የአደይ እቅፍ አስገብታ «እማማ፣ እንኳን አደረሰዎ!» አለች። እታገኝ ልትመልስላት ፈልጋ ትንፋሽ አጣች። ራሷን ብቻ ነቀነቀችላት።

ሆስፒታል ስንደርስ ወደ አሥር ሰዓት ተቃርቧል። ያቺው ሐኪም ነበረች። ኦክስጅን አደረጉላት፣ ደም ሥር ከፈቱላት። ሐኪሟ የእታገኝን እግር በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። ጣቷ የነበረበት ቦታ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። ሳይሞላ ቆየ። እሷ ጉድጓዱን እያየች እኔን ጠየቀችኝ።

«ክብደቷ እንዴት ነበር?»

«ሜዳ ነው።» ላፕቶፑን ከፈትኩ። «ይኸው። በፊት ወጥታ ነበር፣ ወርዳ ሦስት ወር ሙሉ ሜዳ።»

አጎነበሰች። «ስልሳ ስድስት ከስምንት የሆነችው መቼ ነው?»

«ጥር ላይ።»

«ጥር ላይ እኛ ጋ መቼ መጣች? የመጣችው ግንቦት አይደል? ጥር ላይ ማን መዘናት?»

«ማሽኑ… ገምቶ።»

«ማሽን ሰው አይመዝንም፣ አባቴ።» ድምፅዋ አልጨከነም፤ የሚያቃጥለው እሱ ነው። «ይሄን ነጥብ የጻፈው ሰው ነው። ማነው የጻፈው?»

የዳገቱን የመጨረሻዋን ነጥብ ነካሁ። ቀኗ ብቅ አለ፦ አሥራ ሦስት፣ በአምስተኛው ወር። እኔ የጻፍኩት አምስት፣ በአሥራ ሦስተኛው ወር ነው። ገልብጦታል። ቀጣዩን ነካሁ። አሥራ ሦስት፣ በአራተኛው ወር። ቀጣዩ አሥራ ሦስት፣ በሦስተኛው ወር። ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ ነገር አያውቅም። ሰኔን አሥር፣ ሐምሌን አሥራ አንድ፣ ነሐሴን አሥራ ሁለት ብዬ ስጽፍ የራሱ የፈረንጅ ወሮች መስለውት ዝም ብሎ ተቀበለኝ። አሥራ ሦስት ስል ግን ተሳስቷል ብሎ ቀኑን ወር፣ ወሩን ቀን አደረገው። የጳጉሜን አምስት ቀናት በትኖ አምስት ወር አደረጋቸው፤ ከሰኔም በፊት ወስዶ ዘራቸው። ከዚያ አግድሙን በአውቶማቲክ ለጥጦ፣ በወር በወር ቆንጆ ጭረት አድርጎ፣ አሳምሮ አቀረበልኝ። አንድም ቦታ ቀይ አላሳየም።

«ጳጉሜ ነው» አልኩ። «አምስት ወር አይደለም። አምስት ቀን ነው። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ነው።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። ነርሷም አልሳቀችም። ቢስቁ ምን ነበረበት!

«በአምስት ቀን አምስት ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው» አለች ለነርሷ፣ የሚያሸናውን መድኃኒት መጠን ጨምራ እያዘዘች። ወደ እኔ ዞረች። «ፈሳሽ ስንት ትጠጣ ነበር?»

«ሊትር ተኩል። በልኬት። በራሴ እጅ ነው የምለካው።»

እታገኝ ጭምብሉን በሁለት ጣቷ አነሳች። «ጸበል ጠጥቻለሁ» አለች።

«ስንት?» አለች ሐኪሟ።

«የጳጉሜን ጸበል ነው። ጎረቤት በጀሪካን አምጥታልኝ… ጠዋት አንድ ጆግ፣ ማታ አንድ ጆግ።»

«እታገኝ!» አልኩ። «በየቀኑ ሌላ ውሃ ጠጣሽ ወይ ስልሽ አልጠጣሁም አላልሽኝም?»

«ውሃ አልጠጣሁም» አለች። ዓይኗ በጭምብሉ ላይ ቅንነት ሞልቶት ነበር። «ጸበል ውሃ ነው እንዴ?»

ማሽኑ ጳጉሜን ወር ብሎ አልቆጠረ፣ እሷ ጸበልን ውሃ ብላ አልቆጠረች። ሁለቱም አልዋሹኝም። መሐል ላይ የተቀመጥኩት አዋቂው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ከክፍሉ አስወጡኝ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ማርቆስ አጠገቤ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ግን የሚመጣልኝ ጸሎት ሳይሆን ቁጥር ነው። ስልሳ ሁለት ከሰባት፣ ስልሳ ሦስት ከስምንት፣ ስልሳ አራት ከስድስት። እነዚህን ደብተር ላይ ከላይ ወደ ታች ብጽፋቸው ኖሮ ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ «እየጨመረ ነው» ይላል። ሰላም ደወለች። ጠዋት ደህና ናት ያልኳት አፍ ምን ብሎ ይመልስላት? ስልኩን ለማርቆስ ሰጠሁት። «ሰላምዬ፣ አይዞሽ፣ ጌታ አለ» ሲላት ሰማሁ። ለልጄ የሚነገራትን ጎረቤት ነገረልኝ።

ሌሊቱን አልተርክላችሁም። የሚተረክ ነገር አላደረግሁም፤ ቁጭ አልኩ።

በአዲስ ዓመት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሐኪሟ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። «ሽንቷ ወርዷል። ትንፋሿ ተመልሷል» አለች። ልነሳ ስል ግን እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። «አባቴ፣ ልቧ ግን እንደ በፊቱ አይሆንም። ትናንት ብዙ ደክሟል። በሦስተኛው ቀን ብትመጡ ኖሮ…» አልጨረሰችውም። መጨረስም አልነበረባትም፤ ሦስተኛው ቀን የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ጫማዬ እምቢ አለኝ ያለችበት ነው።

ስገባ እታገኝ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አንድ ሰው የአደይ ዘለላ ኩባያ ውስጥ አድርጎላታል። «እንኳን አደረሰህ» አለችኝ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

«ማሽኑስ? ዓመቱን ተሻገረ?» አለች።

ሳቄና ለቅሶዬ አብረው መጡ። እሷ ግን የሳቀችው በግማሽ ነበር፤ ለሙሉው ትንፋሽ አልበቃትም። ከዚያ ወዲህም በቅቷት አያውቅም።

አሁን እታገኝ ደረጃ አትወርድም። አራተኛ ፎቃችን ውስጥ ከመኝታ ክፍል ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ፤ ዓለሟ ይህ ነው። ንስሐ አባቷ ሊጠይቋት መጥተው ነገሩን ሲሰሙ «ልጄ፣ በረከቱ በጆግ አይለካም፤ በማንኪያ ይበቃሻል» አሏት። እኔንም ማንም አልወቀሰኝም። ሰላም እንኳ መጥታ አንገቴን አቅፋ «አባባ፣ አንተ እኮ ለፍተሃል» ነው ያለችኝ። ልፋቴን ማንም አይክደኝም። እሱ ነው የሚከብደው።

አንባቢዎቼ፣ ኮምፒዩተር ጣሉ አልላችሁም። እኔ ራሴ አልጣልኩም፤ ዛሬም የብሎካችን ስልክ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው፣ ተሠርቶም ነው የሚወርደው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። መስመር ሲያሳዩአችሁ፣ ስለ ዋጋም ይሁን ስለ ዝናብ ወይም ስለ ልጃችሁ ውጤት፣ ዳገትና ቁልቁለቱን ከማየታችሁ በፊት ጠርዙን እዩ። ከየት ይጀምራል? የት ያልቃል? ጭረቶቹን ማን አሰመራቸው? ያሰመራቸው የእናንተን ወር ያውቃል? እኔ የማሽኑን ጠባይ ከማንም በላይ አጥንቼ ነበር። እሱ እኔን ማጥናቱን ግን አልጠየቅሁም።

አሁን በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በእርሳስና በማስመሪያ የሠራሁት ትልቅ ወረቀት አለ። አሥራ ሦስት ወር አለው። ጳጉሜ የራሷ አምስት ሳጥን አላት። ስልሳ አራት ኪሎ ላይ ቀይ መስመር አስምሬበታለሁ፤ እንደ ፋብሪካው ክብ ወረቀት አይነቃነቅም። ሐኪሟ ስታየው «እንዲህ ያለ ንጹህ ሥራ አላየሁም» ብላ ፎቶ አንስታ ወሰደች፤ ለሌሎች ታማሚዎች ልታሳይ። ይህንንም ማንም ያስተማረኝ የለም።

ግን መጀመሪያ ወረቀቱን አላይም። ጠዋት ስንነሳ ተንበርክኬ አውራ ጣቴን የእታገኝ እግር ላይ እጫናለሁ፤ ሐኪሟ እንዳደረገችው። ከዚያ እለቃለሁ። ጉድጓዱ ይቀራል። ጉድጓዱ ግርጌም ጣሪያም የለው፣ የሚለጠጥ ጠርዝም የለው። እስኪሞላ እቆጥራለሁ፤ ከዘገየ ውሃው በዝቷል ማለት ነው።

«ስንት ደረስክ?» ትለኛለች ከላይ፣ ፀጉሬን እየነካካች።

«ዝም በይ፣ ታሳስቺኛለሽ» እላታለሁ።

አንዳንድ ቀን አራት ላይ ይሞላል። አንዳንድ ቀን ስምንት ላይ። ዛሬ አሥራ አንድ ቆጠርኩ፤ ማርቆስን ጠራሁት፣ ወንበሩንም በሩ ላይ አወጣሁት።